የእንጨት ቶርኖ መደገፊያ መያዣ ሲሰበር፦ ምትኩን በስሙ ሳይሆን በልኩ መምረጥ

ፒያሳ ላይ ቀና ብላችሁ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኞቻችን ዓይናችን ሱቁ ላይ፣ ታክሲው ላይ ወይ ስልካችን ላይ ነው። አንድ ቀን ግን ቀና በሉና የቀሩትን አሮጌ ቤቶች ተመልከቱ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም አርመኖች፣ ሕንዶችና የአገራችን አናጺዎች የሠሯቸው የእንጨት በረንዳዎች እዚህም እዚያም አሉ። የበረንዳ አጥር ብዙ ጊዜ የሚሠራው በአንድ ዓይነት ቅርጽ ከተደረደሩ፣ ወገባቸው ከቀጠነና ሆዳቸው ከተነፋ ክብ የእንጨት ዘንጎች ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሲወድቅ ታዲያ ጥርሱ የወለቀ አፍ ይመስላል።

ያንን የጎደለ ዘንግ ማን ይተካዋል? በጥር 2007 ዓ.ም የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በከፊል በእሳት ተቃጥሏል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። የተረፈው እንዲቆይ ከተፈለገ የጎደለውን እንጨት አስመስሎ የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ የእንጨት ቶርኖ ያስፈልገዋል።

እስቲ አስቡት። ፒያሳ ጥግ ሠራተኛ ሠፈር የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው። እዚያ አካባቢ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ናችሁ እንበል። አሮጌ ቶርኖ አለ። ሞተሩ ይሠራል፣ ቺንጋው ደህና ነው፣ የዋንዛው እንጨት ተቆርጦ ተዘጋጅቷል። ችግሩ፣ መሮው የሚደገፍበትን ብረት የሚይዘው ክፍል ተሰንጥቋል። ማሽኑ ሙሉ ሆኖ ሳለ በአንዲት ቁራጭ ብረት ምክንያት ቆሟል።

"አዲስ መግዛት ነዋ!" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን የትኛውን? ዛሬ የምናየው ይህንን ነው። መልሱ ውስጥ ትንሽ ፊዚክስ፣ ትንሽ ሒሳብና አንድ ቁራጭ ካርቶን አለ።

ዕቃው ምንድን ነው?

ቶርኖ የሚለውን ቃል የወሰድነው ከጣሊያንኛ ነው፤ ፒያሳ፣ ብሎንና ካቻቢቴም እንደዚያው። የብረት ቶርኖ ላይ ቆራጩን ስለት የሚይዘው ማሽኑ ራሱ ነው። የእንጨት ቶርኖ ላይ ግን እንጨቱ ይዞራል፣ መሮውን የሚይዘው የሰው እጅ ነው። ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

እጅ ብቻውን የሚዞር እንጨትን አይቋቋምም። ስለዚህ መሮው የሚያርፍበት አግድም ብረት አለ፤ እሱን "መደገፊያ" እንበለው። መደገፊያው ከታች ክብ እግር አለው፣ እንደ ቲ ፊደል። እግሩ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው፣ በቶርኖው ሐዲድ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተትና በተፈለገው ቦታ ላይ የሚታሰረው ከባድ ብረት ደግሞ "መያዣው" ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች ከሙዚቃ መሣሪያው ቅርጽ ጋር ስለሚመሳሰል "ባንጆ" ይሉታል። እኛ መያዣ እያልን እንቀጥል።

ለምን ይህን ያህል ወሳኝ ሆነ?

ከትምህርት ቤት መፈንቅልን ታስታውሳላችሁ። መሮው መፈንቅል ነው፣ መደገፊያው ደግሞ የሚደገፍበት ነጥብ። በአንድ በኩል እንጨቱ ስለቱን ወደ ታች ይገፋል፤ በሌላ በኩል እጃችሁ እጀታውን ይይዛል።

በቁጥር እንየው። እንጨቱ ስለቱን በ200 ኒውተን ይገፋል እንበል፤ ወደ 20 ኪሎ ገደማ የሚሆን ሸክም ነው። ስለቱ ከመደገፊያው በ15 ሚሊሜትር ወጥቷል፣ እጃችሁ ደግሞ ከመደገፊያው 300 ሚሊሜትር ይርቃል። እጃችሁ ላይ የሚመጣው ኃይል 200 × 15 ÷ 300 = 10 ኒውተን ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር እንደመያዝ ማለት ነው።

አሁን መያዣው አልቀርብ ብሎ ስለቱ በ75 ሚሊሜትር ወጣ እንበል። ያው ኃይል እጃችሁ ላይ 200 × 75 ÷ 300 = 50 ኒውተን ሆኖ ይመጣል። በአንዴ አምስት እጥፍ! ይህ ደግሞ ሥራው በሰላም እየሄደ ሳለ ነው። መሮው እንጨቱን በድንገት ሲነክስ ግፊቱ በቅጽበት ይዘላል፣ እጀታውም ከእጅ ሊፈናጠር ይችላል።

ፍጥነቱንም አስቡ። ዲያሜትሩ 60 ሚሊሜትር የሆነ የበረንዳ ዘንግ በደቂቃ 1500 ጊዜ ሲዞር የላይኛው ገጹ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ዲያሜትሩ 300 ሚሊሜትር የሆነ ገበቴ በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር ደግሞ ጠርዙ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከተማ ውስጥ እንደሚነዳ መኪና። እንግዲህ ጥሩ መያዣ ማለት መደገፊያውን ከእንጨቱ አጠገብ የሚያደርስ፣ ሲገፉት የማይተጣጠፍ፣ ሲታሰር የማይንሸራተት ነው። የሚቀጥሉት ልኬቶች ሁሉ ከእነዚህ ሦስት ነገሮች የመጡ ናቸው።

አራቱ ልኬቶች

አንደኛ፦ ከፍታ። ከሐዲዱ ገጽ እስከ እንጨቱ የመዞሪያ መሃል ድረስ ለኩ። 150 ሚሊሜትር ሆነ እንበል። (የቶርኖው መግለጫ ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የዚህ እጥፍ ነው፣ ማለትም በሐዲዱ ላይ ሊዞር የሚችለው ትልቁ ዲያሜትር፣ 300።) መሮው ራሱ ውፍረት ስላለው መደገፊያው ከመሃሉ ጥቂት ዝቅ ማለት መቻል አለበት። የመያዣው ቁመት 90 ሚሊሜትር፣ የመደገፊያው ራስ ደግሞ 40 ሚሊሜትር ከሆነ፣ እስከ ታች ሲወርድ 130 ላይ ይቆማል። ጥሩ ነው፣ ከዚያ ወደ ላይ ማንሳት ይቻላል። የመያዣው ቁመት 120 ከሆነስ? 120 እና 40 ሲደመር 160 ነው። ከመሃሉ በላይ ስለሆነ ያ መያዣ ለዚያ ቶርኖ አይሆንም፤ ርካሽ ቢሆንም፣ ቢያምርም።

ሁለተኛ፦ የሐዲዶቹ ክፍተት። አብዛኛው የእንጨት ቶርኖ ሁለት ሐዲዶች ጎን ለጎን አሉት። የመያዣው ማሰሪያ ብሎን በመካከላቸው አልፎ ከታች ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ብረት ይጎትታል። ክፍተቱን በሁለቱም ጫፍና በመሃል ለኩ፤ አሮጌ ማሽን ላይ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ከታች የሚጎተተው ብረት ከክፍተቱ በደንብ የሰፋ መሆን አለበት። ሐዲዱ ሁለት ሳይሆን አንድ ክብ ቱቦ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለጠፍጣፋ ሐዲድ የተሠራ መያዣ ፈጽሞ አይሠራለትም።

ሦስተኛ፦ የእግሩ ዲያሜትር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ዓለም ኢንችንና ሚሊሜትርን አደባልቃ ትጠቀማለች። 5/8 ኢንች 15.875 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ 16 ሚሊሜትር የሆነ እግር 5/8 ኢንች ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፤ የከለከለው ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ልዩነት ነው። 1 ኢንች ደግሞ 25.4 ሚሊሜትር ነው። 25 ሚሊሜትር እግር እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ግን ይላላል። የቀዳዳው ጥልቀት 50 ሚሊሜትር ከሆነ ያቺ የ0.4 ሚሊሜትር ልቅነት ከእግሩ 150 ሚሊሜትር በሚርቀው የመደገፊያ ጫፍ ላይ እስከ 1.2 ሚሊሜትር መወዛወዝ ትሆናለች።

ካሊፐር የለንም አትበሉ። ቀጭን የወረቀት ቅዳጅ በእግሩ ዙሪያ ጠቅልላችሁ የተገናኘበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና ዘርጉት። ርዝመቱን ለ3.14 አካፍሉ። 25 ሚሊሜትር እግር 78.5 ሚሊሜትር ወረቀት ይፈልጋል፣ 25.4 ደግሞ 79.8። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ስለሆነ በተራ ማስመሪያ ይታያል። 16ን ከ15.875 ለመለየት ግን ወረቀቱ አይበቃም፤ የወረቀቱ ልዩነት ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ለዚያ ካሊፐር ተዋሱ።

ውፍረቱ ሌላም ነገር ይነግረናል። የክብ ዘንግ መተጣጠፍን የመቋቋም አቅም ከዲያሜትሩ አራተኛ ፓወር ጋር ያድጋል። 1 ኢንች እግር ከ5/8 ኢንች እግር 1.6 ጊዜ ብቻ ይወፍራል፤ መተጣጠፍን ግን 6.5 ጊዜ ያህል አብልጦ ይቋቋማል። የመውጣቱም ነገር እንዲሁ ነው፦ ከቀዳዳው የወጣው የእግሩ ርዝመት እጥፍ ሲሆን በተመሳሳይ ግፊት የሚታጠፈው ስምንት እጥፍ ይሆናል።

አራተኛ፦ መድረስ። መያዣው ምን ያህል ወደ እናንተ መውጣትና ወደ እንጨቱ መጠጋት ይችላል? ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ ስትሠሩ የመደገፊያው ጠርዝ ከመዞሪያው መሃል 30 ሚሊሜትር ድረስ መቅረብ አለበት። ትልቅ ገበቴ ስትሠሩ ደግሞ ከገበቴው ጠርዝ ውጭ መድረስ ይኖርበታል። መያዣው በእንጨቱ ሥር የሚያልፍ ከሆነም ቦታ ይወስዳል፦ መሃሉ 150 ሚሊሜትር ከፍ ባለ ቶርኖ ላይ 40 ሚሊሜትር የሚወፍር የመያዣ አካል ካለ፣ በላዩ የሚዞረው እንጨት ዲያሜትር ከ220 ሚሊሜትር ማነስ አለበት።

አራቱንም ለክታችሁ ስትጨርሱ ካርቶን ቁረጡ። የምታስቡትን መያዣ ከጎን እንደሚታይ አድርጋችሁ በትክክለኛ ልኩ ሣሉና ሐዲዱ ላይ አቁሙት። ወረቀት ላይ ያልታየ ስህተት ካርቶን ላይ ይታያል። ካርቶን ደግሞ ነፃ ነው።

ልኩ ካልገጠመስ?

እውነቱን ለመናገር፣ ለአሮጌ ማሽን በአራቱም ልክ የሚገጥም ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ያኔ የሚረዳችሁ አንድ ደንብ አለ፦ የሚጨመርበትን ምረጡ፣ የሚቀነስበትን ተዉ።

ቀዳዳው ከእግሩ ቢሰፋ የብረት ቶርኖ ያለው ባለሙያ በመካከል የሚገባ ቀለበት ይሠራላችኋል። 16 ሚሊሜትር እግርን ለ25.4 ቀዳዳ ለማብቃት ግድግዳው 4.7 ሚሊሜትር የሆነ ቀለበት ይበቃል። ልቅነቱ የ0.4 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ደግሞ የለስላሳ ቆርቆሮ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ስለሚወፍር ሁለት ዙር ጠቅልሎ ለጊዜው ማጥበብ ይቻላል። መያዣው ቢያጥር ከሥሩ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት በብሎን ይታሰርለታል፣ ሁለቱም ገጹ የተስተካከለ እስከሆነ ድረስ።

መቀነስ ግን ሌላ ነገር ነው። የጠበበ ቀዳዳ ማስፋት የቀዳዳውን ግድግዳ ያሳሳዋል። የረዘመ መያዣ ማሳጠር ደግሞ እግሩ የሚገባበትን ጥልቀት ይበላል። ሁለቱም ኃይሉ የሚያርፍበትን ቦታ ማድከም ነው። ከዚህ ደንብ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከእግሩ ላይ ጥቂት መላጥ። 16 ሚሊሜትር እግርን በብረት ቶርኖ ወደ 15.8 ማውረድ ጥንካሬውን ብዙም አይጎዳውም።

"ለምን አናስበይደውም?"

አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የብየዳ ቤት ስላለ ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ይመጣል። ጥሩ ጥያቄም ነው። መልሱ ያለው የተሰበረው ምን ዓይነት ብረት ነው በሚለው ላይ ነው።

አብዛኛው አሮጌ መያዣ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት፣ ማለትም ካስት አይረን ነው። ውስጡ ከመቶ ከሁለት እስከ አራት እጅ ካርቦን አለ፤ ከካርቦኑ ብዙው እንደ ቀጫጭን የግራፋይት ቅጠል ሆኖ ተበትኗል። እነዚያ ቅጠሎች ንዝረትን ይውጣሉ፤ መሮው እንዳይንቀጠቀጥ ይረዳሉ። ግን ሲለጠጥ ስንጥቅ የሚጀምረውም በእነሱ በኩል ነው። ሲበየድ ደግሞ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ደረቅና ተሰባሪ ይሆናል። ቀድሞ በደንብ ማሞቅ፣ ኒኬል ያለው ኤሌክትሮድ መጠቀምና ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ካገኛችሁ ይሞከራል። በተራ ኤሌክትሮድ ለብልብ ተደርጎ የተመለሰ መያዣ ግን ከላይ ደህና መስሎ፣ መሮው የነከሰ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ይለያያል።

ከወፍራም የብረት ሰሌዳ አዲስ ማሠራትስ? ይህ ብዙ ጊዜ ከጥገናው ይሻላል። ተራ ብረት በደንብ ይበየዳል፤ ከአቅሙ በላይ ሲጫንም ከመሰበሩ በፊት ስለሚታጠፍ "ተጠንቀቁ" ይላችኋል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ የብየዳ ሙቀት ብረትን ያጣምማል። ከተበየደ በኋላ ሐዲዱ ላይ የሚያርፈው ገጽ ተስተካክሎ መላጥ አለበት፣ ቀዳዳውም ከዚያ በኋላ ወደዚያ ገጽ በትክክል ቀጥ ብሎ መበሳት አለበት።

ማሰሪያው

መያዣውን ሐዲዱ ላይ የሚያቆመው ሰበቃ ነው። ሰበቃ የሚመጣው ደግሞ ከታች ያለው ጠፍጣፋ ብረት ወደ ላይ ሲጎተት ነው። ሐዲዱ ላይ ዘይት ወይ ሙጫ ያለው አቧራ ካለ ሰበቃው ይቀንሳል፤ የፈለገውን ያህል ብታጠብቁት ይንሸራተታል።

ሁለት ዓይነት ማሰሪያ ታገኛላችሁ። አንዱ በመፍቻ የሚጠብቅ ዳዶና ብሎን ነው። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይጠገናል። ሁለተኛው መሃሉን ስቶ የሚዞር ዘንግ ያለው በእጀታ የሚጠብቅ ነው፤ በአንድ ምት ይታሰራል፣ በአንድ ምት ይፈታል። ልዩነቱ ምቾት ብቻ ይመስላል። ግን አስቡት፦ እንጨቱ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር መደገፊያው መጠጋት አለበት። በየጊዜው መፍቻ መፈለግ ያታክታል፤ ሰው ሲታክተው "ትንሽ ልጨርስ" ይላል፣ ስለቱም ከመደገፊያው እየራቀ ይሄዳል። ከላይ ያሰላነው አምስት እጥፍ እንዲህ እያለ ነው የሚመጣው። አቅማችሁ ከፈቀደ እጀታ ያለውን ምረጡ።

ገበያ ስትሄዱ

የአራዳ ገበያ ድሮ እዚሁ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባለው ጊዜ፣ ገበያው ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገና የዛሬው መርካቶ ተተከለ። ስለዚህ ያገለገለ ብረት ፍለጋ ከፒያሳ ወደ ምናለሽ ተራ ብትወርዱ አሮጌውን ገበያ ተከትላችሁ ነው የምትሄዱት።

"ጋሼ፣ የቶርኖ መያዣ ይኖራል?" ብላችሁ ብትጠይቁ "የምን ሞዴል?" መባላችሁ አይቀርም። ሞዴሉ የተጻፈበት ሰሌዳ ከወለቀ ስንት ዓመቱ! ባይወልቅም ስም ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ፋብሪካ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ልክ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ፦ ከፍታ፣ ክፍተት፣ የእግር ዲያሜትር፣ መድረስ። ካርቶኑንና የመደገፊያውን እግርም በቦርሳችሁ ያዙ። ያገለገለ ካገኛችሁ ቀዳዳውን በስልክ መብራት እዩት፣ ጥጎቹን ለስንጥቅ ፈትሹ፣ አንጠልጥላችሁ በትንሽ ብረት መታ አድርጉት፤ ስንጥቅ ያለበት ብረት ድምፁ አጭርና የታፈነ ይሆናል።

ከመብራቱ በፊት

አዲሱ መያዣ ሲታሰር ወዲያው ማሽኑን አታስነሱ። መጀመሪያ እንጨቱን በእጅ ሙሉ ዙር አዙሩና የትም እንደማይነካ አረጋግጡ። ከዚያ በመያዣውና በሐዲዱ ላይ የሚያልፍ አንድ የእርሳስ መስመር አስምሩ። መደገፊያውን በሁለት እጃችሁ በደንብ ግፉት፤ መስመሩ ከተላቀቀ ማሰሪያው አልያዘም ማለት ነው። ከያዘ በዝቅተኛ ፍጥነት ጀምሩ፣ ጥቂት ቁረጡ፣ ማሽኑን አቁሙና መስመሩን እንደገና እዩት። መያዣውን ማንቀሳቀስ ሁልጊዜ ማሽኑ ቆሞ ነው። መነጽር አድርጉ፤ ፀጉራችሁን ሰብስቡ፤ ነጠላ፣ ሻሽና ሰፊ እጅጌ ከዚህ ማሽን አጠገብ ቦታ የላቸውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነም ሥራውን የሚያውቅ ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ይቁም።

እዚህ ድረስ ስትደርሱ የዋንዛው እንጨት እየዞረ ነው። መሮው ሲነካው ረጅም ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ይወጣል፤ ወገቡ ይቀጥናል፣ ሆዱ ይወጣል። ከተነቀለው አሮጌ ዘንግ ጋር በካሊፐር እያስተያያችሁ ትሄዳላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ፒያሳ ላይ ቀና ስትሉ ደግሞ የጎደሉትን ዘንጎች ቁጠሩ። እያንዳንዱ ክፍተት የሚደፈን ሥራ ነው።